ስክሪኑ የዘለለው ክፍል

ዋናው መሥሪያ ቤት፣ «የቤቱ ካርታ ከእኛ ዘንድ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል» አለ። ቅርንጫፋችን ደግሞ፣ «እኛ ስክሪን ላይ አንዱ ክፍል ጥቁር ነው» አለ። ሌሊት በሕልሜ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። የካርታው ፕሮግራም የሚሠራው አዲስ አበባ ባለው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እኛ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን ስክሪናችን ላይ እናየዋለን። ጥቁር የሆነው ባለጉዳያችን ወይዘሮ አጸደ ልብስ የሚሰፉበት የቤታቸው ሦስተኛ ክፍል ነበር።

በሕልሜ መስኮታችን ላይ የተሰለፉት ቤቶች ነበሩ። ሰዎቹ ደግሞ እንደ መሬት ዙሪያቸውን ችካል ተተክሎባቸው ሜዳ ላይ ይጠብቃሉ። የወይዘሮ አጸደ ቤት ተራው ሲደርስ ቆርቆሮውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«ጌታዬ፣ የባለቤቴን ካርታ ፈልጌ ነበር።»

አወጣሁለት። ወይዘሮ አጸደ ያለ ግራ እጃቸው ስክሪኑ ላይ ታዩ።

«ግራ እጃቸውስ?»

«አዲስ አበባ ነው ያለው» አልኩት።

«ካርታው ላይ ከሌለ ይቆረጥ» አለ ከኋላ የተሰለፈ ፎቅ። «ሰልፉን አታስረዝሙብን።»

«ጨርቁን የሚይዙት እኮ በእሱ ነው» አለ ቤቱ ቀስ ብሎ።

ስክሪኑን ጠየቅሁት።

«ለእኔ ስዕል አልተላከልኝም» አለ። «የሚላክልኝ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ አስምር፣ እዚያ ቀባ የሚል። ያልገባኝን ዘለልኩት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አዲስ አበባ ደወልኩ። «እባካችሁ እዚያው ሳሉትና ያለቀውን ምስል ብቻ ላኩልን።»

«ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

ፎቁ አጉረመረመ። ምስሉ በዝግታ መጣ፤ መጀመሪያ ክርናቸው፣ ቀጥሎ መዳፋቸው። አራተኛው ጣት ላይ ስልኬ ጠራና ነቃሁ።

ደዋዩ የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ዘርጋው ነበሩ።

«ያ ካርታ ትናንት ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ክፍሉ እንደጎደለው ታትሞ ማኅተም አርፎበታል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ችግሩን ደርሼበታለሁ። እዚያው ተስሎ ይላክልን፤ ክፍሉ ይወጣል። በግማሽ ቀን እንደገና እናትመዋለን።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማኝ።

«ማኅተም ያረፈበትን ማን ይቀድዳል?» አሉ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ከፊታቸው ለቆመ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«ወይዘሮ አጸደ፣ ወስነናል። ካርታው ይቆያል፤ ክፍሉ ይፈርሳል።»