እስከ ዓርብ ይቅረብ ስለተባለው የአያ ዝናቤ ከዘራ

ረቡዕ ጥር 17 ቀን 1931 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በደሴ ሆጤ፣ በባላምባራስ በላቸው ግቢ ከዛፉ ጥላ ሥር የቅዳሜ ተረት አድማጮች ማኅበር አስቸኳይ ጉባኤ አደረገ።

የተገኙ አባላት፦
ባላምባራስ በላቸው፣ የሰፈሩ አለቃና ሰብሳቢ
ሼህ ዘይኑልአቢዲን
መሪጌታ ወልደ ሚካኤል
ወይዘሮ ረሂማ
አቶ እንየው፣ አናጢ፣ ከኮምቦልቻ በእግራቸው የመጡ
አቶ ገብረ ማርያም፣ ከአጥር ማዶ
ተጠርተው የቀረቡ፦ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ተረት ነጋሪ
ጸሐፊ፦ ቀለሙ፣ ድምፅ የማይሰጥ

ጉባኤው እንዲጸና ከአሥሩ አባላት ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። በግቢው የተቀመጡት ግን አምስት ናቸው። አቶ ገብረ ማርያም ከሰብሳቢው ጋር በአጥር ወሰን ተጣልተው «እዚህ ግቢ እግሬ አይረግጥም» ብለው በሚካኤል ስለማሉ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይናቸውን፣ ሲናገሩም አፋቸውን ብቻ አቅርበዋል። ስለዚህ በግማሽ ሰው እንዲቆጠሩ ሐሳብ ቀረበ። አቶ ገብረ ማርያም ቅር እንዳላላቸው፣ ግማሽነታቸው ግን በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው አመለከቱ፤ ተይዟል። አምስት ሰው ተኩል በመገኘቱ ጉባኤው ተከፈተ።

አንደኛ፦ የመጣውን ትእዛዝ ስለ መስማት

ወይዘሮ አትጠገብ ባለቤታቸው ከዘመቻ ሳይመለሱ ከቀሩ ወዲህ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብረዋቸው ለሚፈትሉ ሴቶችና ለመጣው ሁሉ የአስማተኛውን የአያ ዝናቤን ተረት ካቆሙበት እየቀጠሉ ይነግራሉ። አያ ዝናቤ ከዘራ አለው። ወደ ወንዝ ቢቀስረው ወንዙ ቆሞ ያሳልፈዋል፤ መሬት ቢመታበት ወታደር ከነጫማው ይተኛል። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጦሳ ቀስሮ «ተነሥ» ቢለው፣ ተራራው ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ከተተከለው የጦር ድንኳን ላይ ቁጭ አለ።

ሰብሳቢው ሰኞ ዕለት ከጣሊያን ሹም የደረሳቸውን ወረቀት አነበቡ። «ዝናቤ የሚባል ሰው ተራራ የሚያስኬድ፣ ወታደር የሚያስተኛ ከዘራ እንዳለው ስለ ተረጋገጠ፣ መሣሪያው እስከ ዓርብ ይቅረብ። ካልቀረበ ነገሩን የምታውቀው ሴት ትታሰራለች» ይላል።

ወይዘሮ አትጠገብ ምን እንደሚሉ ተጠየቁ። «ዝናቤ ከአፌ የወጣ ሰው ነው፤ ከዘራውም እንደዚያው። ምኑን ይዤ ልቅረብ?» አሉ።

ሁለተኛ፦ ከዘራው አለ ወይስ የለም

መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የሌለ ነገር እንደማይቀርብ ተናግረው ተቀመጡ። ወይዘሮ ረሂማ ግን ነገሩ እንዲህ በአጭር እንደማይቋጭ ገለጹ። ቃላቸው፦ «ሁለት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ከዘራ እንዴት የለም ይባላል? የእርስዎን ካባ እኮ አንድ ቀን አላየሁትም፤ አለኝ ሲሉ ግን አምኜዎታለሁ።» መሪጌታ ካባው ሣጥን ውስጥ እንደሚገኝ አስረዱ። ወይዘሮ ረሂማም ከዘራው አንድ ቦታ እንደማይጠፋ አስረዱ።

አቶ እንየው ከአጀንዳው በፊት አቤቱታ እንዳላቸው አስታወቁ። እርሳቸው በኮምቦልቻ ቤትና ሚስት ያላቸው ሲሆኑ፣ ያን የሚያህል ተራራ ሲሰደድባቸው ያማከራቸው እንደሌለ በምሬት ተናገሩ። ወይዘሮ አትጠገብ ጦሳ ሲቀመጥ ጠርዙን እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጎ ድንኳኑን ብቻ እንደ ተጫነ፣ የሰው ቤት እንዳልነካ መለሱ። አቶ እንየው ቤታቸው በስተግራ መሆኑን ገልጸው በዚያ በኩልም መሰብሰቡን ጠየቁ። መሰብሰቡ ተረጋገጠላቸው፤ አመስግነው ተቀመጡ።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን «ወላሂ እኔ ይህን ተረት እወደዋለሁ። ነገር ግን ነገ ሹሙ ፊት አቁመው ከዘራው አለ ወይ ቢሉኝ፣ በአላህ ስም ምዬ አለ አልልም። የለም ብዬ ብምል ደግሞ ልቤን ያመኛል» አሉ። ድምፃቸው በየትኛው ወገን እንዲቆጠር ሲጠየቁ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ከልቤ በተቀር የለም» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የለም ያሉ ሦስት፣ አለ ያሉ ሁለት ተኩል ሆኑ። ከዘራው አለመኖሩ በግማሽ ድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ሦስተኛ፦ የሌለውን ከዘራ ስለ መሥራት

ከዘራው ከሌለ መሠራት እንዳለበት ሁሉም ተስማሙ። ፀቡ የተነሣው በእንጨቱ ነው። መሪጌታ የወይራ ነው አሉ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ወይራ ለማንም አላፊ አግዳሚ የሚሆን እንጨት እንደሆነ፣ ይህ ግን የግራር እንደሚመስላቸው ተናገሩ። ወይዘሮ አትጠገብ እንዲፈርዱ ተጠየቁ።

«እንጨቱን ተናግሬ አላውቅም። አንድ ቀን ታሪኩ ቢጠብብኝ መውጫ ይሆነኛል ብዬ ያቆየሁት ነው። ለጣሊያን ብዬ አሁን አላወጣውም» አሉ።

አቶ ገብረ ማርያም ከሰብሳቢው አጥር ላይ አንድ አጣና ተነቅሎ ቢወሰድ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ እንደሚቃለል ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ይህ የሌላ ችሎት ጉዳይ መሆኑን አስታውሰው ሐሳቡን አልፈውታል።

ወይዘሮ ረሂማ ሌላ ስጋት አነሡ። «ተቀብለው ወደ ጦሳ ቀስረውት ጦሳ ባይነቃነቅ፣ እውነተኛውን ደብቃችኋል ይሉናል። ቢነቃነቅስ? ያኔ እኛስ ወዴት እንገባለን?» ሲሉ አባላት ሁሉ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። ተራራው በቦታው ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከዘራው ከወይራ ተሠርቶ «ለጊዜው ደክሟል» ከሚል ወረቀት ጋር እንዲቀርብ ተወሰነ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን በእንጨቱ አልተስማሙም።

አራተኛ፦ አያ ዝናቤን ስለ መግደል

ሰብሳቢው ነገሩ ሥር እንዳይሰድ ባለ ከዘራው ራሱ በመጪው ቅዳሜ እንዲሞት ሐሳብ አቀረቡ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሞት እንደሚበዛበት፣ ይልቅ ሐጅ ሄዶ ተውበት አድርጎ አስማቱን ቢተው እንደሚሻል ተናገሩ። መሪጌታ ገዳም መግባቱ ይቀርበዋል እንጂ ሐጅ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። ሼሁ ዝናቤ በተረቱ ሁለተኛ ዓመት አንድ ሽማግሌ ሲያገኝ «አሰላሙ ዓለይኩም» ማለቱን በማስረጃነት ጠቀሱ። መሪጌታ በዚያው ሳምንት ረቡዕን መጾሙን ጠቀሱ። ሁለቱም ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞሩ። እርሳቸውም «እኔ እንጃ፤ ጠይቄው አላውቅም» አሉ። በዚህ ምክንያት ከሞቱ በቀር ሌላ የሚያስማማ ነገር አልተገኘም።

ወይዘሮ ረሂማ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለመናገር ጠየቁ። ልጃቸው መዲና አባቷ በማይጨው ከቀረ ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ ቃል እንዳልወጣት፣ ምግብም በግድ ትቀምስ እንደነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ተራራው ድንኳኑ ላይ ሲቀመጥ ግን በሳቅ መፍረሷን፣ ማታም ሳትለመን በልታ «እማ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላ መጠየቋን ተናገሩ። «ቅዳሜ ሞተ ብዬ ልንገራት?» አሉ።

ሰብሳቢው ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ፤ ተይዟል።

ሆኖም ከዘራው ዓርብ ቢቀርብም ተረቱ ከቀጠለ ሌላ ትእዛዝ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ከረጅም ውይይት በኋላ አያ ዝናቤ ቅዳሜ በትኩሳት እንዲሞት ተወሰነ። እጅ ሲወጣ አንዱ የሌላውን ፊት አላየም። ወይዘሮ ረሂማ እጃቸውን አላወጡም። የአቶ ገብረ ማርያም ዓይን ከቀዳዳው ዞር ብሎ ስለነበር ድምፃቸው አልተቆጠረም።

ወይዘሮ አትጠገብ ተነሥተው ነጠላቸውን አገለደሙ። «አልገድለውም። ዓርብ ራሴ እሄዳለሁ፤ ይሰሩኝ። እናንተን ግን አላማችሁም፤ ፈርታችሁልኝ ነው» አሉ። ሰብሳቢው እንዲቀመጡ ለመኑ። አልተቀመጡም።

አምስተኛ፦ በአጀንዳ ያልተያዘ

በአሥር ሰዓት የሹሙ አስተርጓሚ ደምመላሽ ሳይጠራ ገባ። አቶ እንየው ለከዘራው አምጥተው ሲለኩት በነበረው ወይራ ላይ፣ እንዳይታይ ብለው ተቀመጡ። ደምመላሽ ግን እንጨቱንም አላየ፣ ወይዘሮ አትጠገብ እግር ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ ይማሩኝ። ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጉዳዩን እንዲያስረዳ ተፈቀደለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴቶቹ ኋላ ቆሞ ይሰማ እንደነበር፣ ሹሙ የት ትሄዳለህ ብሎ ስለጠየቀው ይስቅ እንደሆነ ብሎ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስለ ከዘራው ይነግረው እንደነበር ተናገረ። ችግሩ፣ በጣሊያንኛ ተረት ምን እንደሚባል አያውቅም። የሚያውቀው ወሬ ምን እንደሚባል ብቻ ነው። «ስለዚህ ‹ሆጤ የሰማሁት ወሬ ነው› ብዬ ጀመርኩ። አልሳቀም። ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። አሁን ተረት ነው ብዬ ብነግረው፣ ሦስት ሳምንት ሐሰት ስታስጽፈኝ ኖርክ ብሎ መጀመሪያ የሚያስረው እኔን ነው።»

መሪጌታ አንድ ቃል ባለማወቅ ይህ ሁሉ መምጣቱ ለትምህርት ጥቅም ማስረጃ እንደሚሆን ገለጹ። አቶ ገብረ ማርያም በቀዳዳው በኩል ሊጻፍ የማይገባ ቃል ተናገሩ፤ አልተጻፈም።

ወይዘሮ አትጠገብ ተቀመጡ። ደምመላሽንም አስነሡት።

«ተነሥ ልጄ። ሹሙ እስከ የት ድረስ ነው የሚያዘው?»

«እስከ አዋሽ፣ እትዬ። ከአዋሽ ማዶ የሐረሩ ሹም ነው።»

«እንግዲያስ ወሬን ወሬ ነው የሚሽረው። ሂድና ሌላ ወሬ ሰማሁ በለው። ዝናቤ ሰኞ ዕለት ከነከዘራው አዋሽን ተሻግሯል።»

ደምመላሽ እየሮጠ ወጣ። ጉባኤው ሳይበተን ጠበቀ። በጥበቃው ጊዜ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ፣ መሪጌታም ዳዊት ሲደግሙ ተሰምተዋል። ወይዘሮ ረሂማ የወይዘሮ አትጠገብን እጅ ይዘው ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ደምመላሽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሹሙ ዜናውን ሲሰማ እፎይ ማለቱን፣ መዝገቡን በገዛ እጁ አስሮ ወደ ሐረር እንዲላክ ማዘዙን፣ ለደምመላሽም አንድ ሲጋራ መስጠቱን ተናገረ። ወረቀቱን ተርጉሞ አነበበ፦ «ከዘራው ከነባለቤቱ ከዚህ አገር ስለ ወጣ፣ ጉዳዩ የሐረር ነው። በሴቲቱ ላይ የሚፈለግ ነገር የለም።»

ወይዘሮ ረሂማ እልል አሉ። እልልታው ሦስት ጊዜ መሆኑ ተመዝግቧል።

የመጨረሻ ውሳኔ

አንደኛ፣ ከዘራው በመንግሥት ማኅተም መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ጉባኤው የለም ያለው ተሽሯል። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ልባቸው እንዳረፈ ገለጹ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የነበረ ከዘራ እንደገና ስለማይሠራ፣ ከዘራ ይሠራ የተባለው ተሽሯል። ሦስተኛ፣ ሐረር የገባን ሰው ደሴ ላይ በትኩሳት መግደል ስለማይቻል የሞቱ ውሳኔ ተሽሯል። አራተኛ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ሰው እጅ ቢገባ ሁላችንንም ስለሚያሳስር፣ ይህ ጉባኤ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ጸሐፊው ያልተደረገ ጉባኤ ቃል እንዴት እንደሚጻፍ መመሪያ ጠየቀ። በደቃቅ ፊደል እንዲጻፍ ታዟል።

ጉባኤው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተበተነ። የተነሣ ሰው ግን አልነበረም። ወይዘሮ አትጠገብ ሐረርን አይተው እንደማያውቁ ተናግረው፣ አንድ ሰው ቢነግራቸው ጠየቁ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን በወጣትነታቸው ለቁርኣን ትምህርት፣ ቂርአት ሊቀሩ ሄደው እንደነበር፣ ከተማዋ በግንብ የታጠረች፣ አምስት በር ያላት መሆኗን አስረዱ።

ወይዘሮ አትጠገብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዝናቤ ከግንቡ ሥር ሲደርስ አምስቱም በሮች ተዘግተው አገኛቸው» አሉ።

ጸሐፊው መስማት ስለፈለገ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጧል።