ኢንጅነር አብዱልሃዲ ያመሰገኑት ጣራ

ሐበሻ በደረሰበት አገር ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ቤት ስትገዙ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ ራሱን የሚነቀንቅ፣ መኪና ስትገዙ ጎንበስ ብሎ ከሥር አይቶ «እህህ» የሚል፣ ልጅ ስትድሩ እንኳ የአዳራሹን መብራት አንጋጦ «ይሄ ሳይቃጠል ካመሸ ጥሩ ነው» የሚል። ለኦስሎ የደረሷት ክቡር ኢንጅነር አብዱልሃዲ ናቸው።

ኢንጅነርነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት አልናብሩ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዱ ነው። በሰፈራቸው በትሮስተሩድ ግን የእሳቸውን ትችት ያልቀመሰ የሐበሻ ቤት የለም። ተጠርተው አይመጡም፤ መዶሻ ሲሰሙ ይመጣሉ። ፍርዳቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሥራስ ሥራ ነው፤ ግን ቪንተሩን አያልፍም።» ቪንተር የሚሉት የበረዶውን ወራት ነው።

ዘንድሮ መዶሻው የተሰማው ከኡምኩልሱም ቤት ነው። ኡምኩልሱም ቢየርቪካ ያሉ ቢሮዎችን ገና ሳይነጋ የምታጸዳ የወሎ ሴት ናት። ከሳሎኗ ጀርባ የድሮው የቤቱ ባለቤት ያሠራው የመስታወት ክፍል አለ። ጣራው ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ያቃጥላል፤ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ባልዲ ውሃ ቢቀመጥ አድሮ በረዶ ይሆናል። ዝናብ ሲጥል መነጋገርም አይቻልም። ይህንን ጣራ አስነሥታ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ጣራ ልታስገጥም፣ ክፍሉንም ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበት ልታደርገው ቆርጣ ተነሣች።

ለጠየቃት ሁሉ «ለልጆቹ ማጥኛ ነው» ትላለች። ልጇ ዩስራ ግን «ኔይ፣ አይደለም እማዬ፣ እኔ እኮ ቢብሊዮቴኩ፣ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ነው የማጠናው» እያለች ታጋልጣታለች።

እውነቱ ሌላ ነው። አባቷ የሞቱት በጥር ነበር። ሳሎኗ ጠባብ በመሆኑ ለቅሶ የመጣው ሰው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ቆመ፤ ትልልቅ ሰዎች ደጅ በረዶው ላይ ፋቲሃ አድርገው ተመለሱ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ያለችው እናቷ አልጋ ይዛለች፤ ድምፅዋ በየስልኩ እየሳሳ ነው። ክፍሉ የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው። ይህንን ለባሏ ለሰዕድ እንኳ አልተነፈሰችም። በሕይወት ላለች እናት የለቅሶ ቤት እያሠራሁ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ኢንጅነሩ እንደ ልማዳቸው መጡ። አሮጌው ጣራ ሲነሣ «ግድግዳውን አቅፎ የያዘው እኮ ይሄ ነበር፤ አሁን ይተኛላችኋል» አሉ። አዲሱ አግዳሚ እንጨት ሲወጣ «ይሄ በረዶ ይሸከማል? የራሱንም ነፍስ አይሸከም» አሉ። ሥራውን የያዘው ፈረንጅ አናጢ ከአማርኛ አንዲት ቃል ባይሰማም፣ እሳቸው ብቅ ሲሉ ከመሰላሉ መውረድ ጀመረ። ኮርኒሱ ሲለበጥ ኮፊያቸው እስኪወድቅ አንጋጠው «እንፋሎቱ በየት ሊወጣ ነው? ይበሰብሳል» ብለው ፈረዱ።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነው ቢሉን ምን አለበት?» አለቻቸው።

«እህቴ፣ እኔ ደህና ነው ያልኩት ነገር በርክቶ አያውቅም።»

ሰዕድ እሳቸው በመጡ ቁጥር ደሙ ይፈላል። ኡምኩልሱም ግን ሳይታወቃት ትጠብቃቸው ጀመር። ክፍሉ ወደ ማለቁ በተቃረበ ቁጥር ፍርሃት ይገባታል፤ የመጨረሻዋ ሚስማር የተመታች ዕለት ስልኩ የሚጮኽ ይመስላታል። ኢንጅነሩ «ይሄ ገና ነው» ሲሏት ትንፋሿ ይመለሳል። ክፍሉ ገና ከሆነ እናቷም ገና ናት። ስለዚህ የነቀሱትን እንከን ሁሉ ታስተካክላለች። አናጢው ጨርሻለሁ ሲላት እሳቸው ሳያዩት አላለቀም ብላ ታስቀረዋለች። ምስኪኑ ሰውዬ ግራ ገብቶት የተመታውን ሚስማር ደግሞ ይመታል።

ኅዳር ላይ ግን የሚመታ ነገር አለቀ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ማሞቂያው ተከፈተ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ አመድ መስሎ በዋለበት፣ ኢንጅነር አብዱልሃዲ ምንም መዶሻ ሳይሰሙ መጡ። አላንጋጠጡም፤ ግድግዳም አላንኳኩም። ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩና ማሞቂያውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ማሻአላህ» አሉ። «አምሮበታል። እጃቸው ይባረክ። እንከን አይወጣለትም።»

ኡምኩልሱም የሻይ ብርጭቆ ይዛላቸው እየመጣች ነበር። ባለችበት ቆመች፤ ብርጭቆውን ቀስ ብላ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። የአገሯን ሰው ታውቃለች። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ዘመድ አዝማዱ ቀድሞ ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ትልልቆቹ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ፊቱን አሳምሮ ይውላል፤ ቤቱ ለለቀስተኛ ይበቃ እንደሆነ የሚያይ አንድ ሰውም ቀደም ብሎ ይላካል። ሰዕድ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን የሸሸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ከኦስሎ ሰው ሁሉ መርጠው፣ ፊት ማሳመር ፈጽሞ የማይሆንላቸውን ሰው ነው የላኩት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«እናቴ።»

«እኔ እኮ ጣራውን ልይ ብዬ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «የሚነገርሽ ነገ ጠዋት ነበር። አይሆንልኝም፣ ሌላ ሰው ላኩ ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም።»

ልትጮኽ ነበር። ግን መጀመሪያ ያሳዘኗት እሳቸው ናቸው። ለማንም ደግ ቃል ወጥቷቸው የማያውቁት ሽማግሌ፣ አንድ ሌሊት በሰላም እንድትተኛ ብለው ያንን ሁሉ ምስጋና አምጠው ይዘው መጡ። ጥግ ላይ ከተደረደሩት መከዳዎች አንዱን አንሥታ ከማሞቂያው አጠገብ አደረገችላቸው።

«ይቀመጡ» አለች። «ለእናቴ ለቅሶ መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት።»

ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።