ደህና ነን ባዮች

አንባቢዬ፣ ብቸና ውስጥ «ታምሜአለሁ» የሚል ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ጣር የያዘውን «እንዴት ነህ?» በለው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይልሃል። ጨዋነት መሆኑ ነው!

በክትባቱ ዘመቻ ጊዜ ለተከተበው ሁሉ ከጤና ጣቢያው በሞባይል መልእክት ይመጣ ነበር፤ ደህና ከሆናችሁ ቁጥር አንድን፣ ካመማችሁ ሁለትን ላኩ የሚል። ከኛ አገር ሁለት ይጠበቃል?

የጎረቤቴ የእትዬ ውዴ ልጅ መርፌ የተወጋችበት ክንዷ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ትኩሳት ያንዘፈዝፋት ጀመር። በጊዜ ቢታይ በመድኃኒት የሚድን ነበር። እትዬ ውዴ ግን አንድን ላኩ። ለምን ብዬ የጠየቅኋቸው የልጅቷ ለቅሶ ላይ ነው።

«ታዲያ እንዴት ናችሁ ላለ ሁሉ ሕመም ይዘረገፍለታል? እግዜርንስ ማማረር አይሆንም?» አሉኝ።

ይህን እያሉኝ ስልካቸው ጮኸ። የክትባቱ መልእክት ነው፤ ልጅዎ እንዴት ናት ይላል። አነበብሁላቸው። እትዬ ውዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣

«አይ ደግነታቸው! አሁንም አልረሱንም» ብለው አንድን ነኩ።

በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ ልጅቷ እስከ ዛሬ ደህና ናት።