ኣደይ ኡሙሀኒ ሶምሶማ ሲያስተምሩ

ሳይጠየቅ የሚያርም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ ሰፈር በሓድነት ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ኡሙሀኒ ናቸው። ከወሎ መጥተው በርበሬ ሲነግዱ ስለኖሩ ሰፈሩ በትግርኛው «ኣደይ» ይላቸዋል፤ እናቴ እንደማለት ነው። አናጺው ሚስማር ሲመታ፣ የሚኒባሱ ረዳት በር ሲዘጋ፣ «እንዲያ አይደለም!» ይላሉ። እኔን የሒሳብ መምህሩን እንኳ፣ ክፍሌን ረግጠው ሳያውቁ፣ ሰሌዳ አጠራረጌን አርመውኛል።

በ1998 ዓ.ም. ዘቢብን ላገባ ሽር ጉድ ስል፣ አባቷ አቶ ገብረተንሳኤ አንድ ነገር ጠየቁ። የዕድሜ ልክ ፈረሰኛ ናቸውና ሙሽራው በፈረስ ይምጣ አሉ። እኔ ከሚኒባስ ሌላ ተሳፍሬ አላውቅም።

ከጓደኛዬ ከሓዱሽ ፈረስ ተዋስኩና ከእንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥር ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። በእርምጃ ደህና ነበርኩ። ሶምሶማ ሲጀምር ግን እሱ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች፤ መሀል ላይ እንጋጫለን። ቤቴ ስመለስ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። ኣደይ አቀማመጤን አይተው ጉዳዩን አውጣጡኝ፤ በማግስቱም ተከትለውኝ መጡ።

ጥቂት አይተው «ውረድ» አሉኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ እርካቡን ረገጡና ኮርቻው ላይ ጉብ አሉ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በፈረስ ገበያ ይወርዱ እንደነበር ሲያወሩ ማንም አምኗቸው አያውቅም። ፈረሱ ሶምሶማውን ያዘ። እሳቸውም ከእርምጃው ጋር ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ ጀርባቸው ቀጥ፣ እጃቸው ጸጥ ብሎ። ከግቢ የሚወርዱ ተማሪዎች ቆመው ያዩ ጀመር። የሳቀ አልነበረም።

«እርካቡን ረግጠህ አትዝለል» አሉኝ ወርደው። «እሱ ሲያነሳህ ወገብህን ወደፊት ስደድ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ተቀመጥ። ጀርባው ወንበር አይደለም፣ ያመዋል።»

ከዚያ በኋላ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሜዳው ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን ጠዋት ዙሩን ስጨርስ ዝም አሉ። ደንግጬ ምነው ብላቸው «ምንም። ቀጥል» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ሽልማት ነው።

የሠርጉ ዕለት አማቼ ደጃፍ ቆመው በሶምሶማ ስመጣ ከሩቅ ጀምረው አዩኝ። ልጓሙን ያዙና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ። እናቴ ያረፈችው ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ኣደይ ከሴቶቹ ኋላ ቆመው ነበር።

«እናቴ ናት» አልኩና ወደ ኣደይ አመለከትኩ።

ሽማግሌው ሰዉን ሰንጥቀው ሄዱ፤ ኣደይን ትከሻቸውን ስመው፣ እጃቸውን ይዘው አመጡና የሙሽራው እናት ከምትቀመጥበት ቦታ አስቀመጧቸው። ለሁሉ ነገር ቃል የማያጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ፈረሱ ላይ እንዳለሁ ያዩኛል።

እኔም እንደዚያን ቀን ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።