«እንደምን አደሩ» የምትለው መሣሪያ

(መሐል ሜዳ፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር ግቢ። ጫኔ ዐርባውን የተሻገረ የበግ ጠጉር አጣቢ ነው፤ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲነግሩት ይደናገራል፣ ፊደልም አልያዘለትም። ምንተስኖት እንደ ጫኔ ላሉ ሠራተኞች መሣሪያ የሚቀርጽ፣ ከከተማ የመጣ ወጣት ባለሙያ ነው። በእሳቱ ላይ በርሜል ተጥዷል፤ የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎበታል። በበርጩማ ላይ እሱ የሠራት የምትናገር ታብሌት ተደግፋ ቆማለች። ጫኔ ባርኔጣውን አውልቆ በፊቷ ቆሟል።)

ምንተስኖት፦ ተቀመጥ አልኩህ እኮ!

ጫኔ፦ ሰላምታዬን ሳልጨርስ?

ምንተስኖት፦ ለማን ነው ሰላምታው?

ጫኔ፦ ለሴትዮዋ ነዋ። «እንደምን አደሩ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ልመልስላት?

ምንተስኖት፦ ሴትዮ የለችም! ድምፅ ብቻ ነው።

ጫኔ፦ ስሜን ታውቃለች እኮ።

መሣሪያዋ፦ (በለሰለሰ ድምፅ) እንደምን አደሩ፣ አቶ ጫኔ? ለሥራ ዝግጁ ነዎት?

ጫኔ፦ (ጎንበስ ብሎ) እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ? ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹ? ከብቱ?

ምንተስኖት፦ ከብት የላትም!

ጫኔ፦ (በሹክሹክታ) ይህን እንኳ በፊቷ ባይናገሩት።

ምንተስኖት፦ ስማኝ! ይህችን መሣሪያ የሠራኋት ለአንተ ዓይነቱ ሰው ነው። ስለ እናንተ ያላነበብኩት ጥናት የለም። ስትጠይቅህ አትመልስላት፤ ንካት።

ጫኔ፦ (ወደ ኋላ እያለ) ምኗን?

ምንተስኖት፦ ፊቷን!

ጫኔ፦ ዛሬ ያወቅኋትን ሴት? ሰው እያየ?

ምንተስኖት፦ መስተዋቱን! ይህን የሚያበራውን! አምላኬ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሰው ላይ ጣልከኝ?

ጫኔ፦ እሺ፣ አይቆጡ። ጠጉሩ ግን እሳት ላይ ነው፤ እንዳይቆይብን።

ምንተስኖት፦ ጠጉሩን ተወው! ዛሬ የምትፈተነው አንተ ነህ። ደጋግመህ ከዘገየህ «ብቁ አይደለም» ብላ ለወይዘሮ ጌታነሽ ትልካለች። ኃላፊህ እሳቸው አይደሉ? ያን ጊዜ ሥራው ይቀርና ቤትህ ትገባለህ። ገባህ?

ጫኔ፦ (ባርኔጣውን እየጨበጠ) ሰፈሩ ሁሉ «ያ ልጅ» ነበር የሚለኝ። በስሜ የተጠራሁት እዚህ ከገባሁ ወዲህ ነው። ቤት አልገባም።

ምንተስኖት፦ እንግዲያው ንካት!

መሣሪያዋ፦ ጊዜው አልፏል። እንደገና እንጀምር። እንደምን አደሩ፣ አቶ ጫኔ?

(ጫኔ አመነታ። ዝም ቢል ሥራው እንደሚተርፍለት ተረድቷል። ሰላም ያለውን ሰው ግን ዝም ብሎ አልፎ አያውቅም፤ እናቱ እንዲያ አላሳደጉትም። ጎንበስ አለ።)

ጫኔ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?

ምንተስኖት፦ በስመ አብ! ለምንድን ነው የምትመልስላት?

ጫኔ፦ «እርስዎ» ብላ ስለጠየቀችኝ። እርስዎ ግን ከመጡ ጀምሮ «አንተ» ነው የሚሉኝ፤ እንደምን አደርህም አላሉኝ።

(ምንተስኖት እጅጌውን ሰበሰበ።)

ምንተስኖት፦ ዞር በል! ጤነኛ ሰው እንዴት እንደሚሠራባት ላሳይህ። በስሜ እከፍታታለሁ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው!

መሣሪያዋ፦ እንደምን አደሩ፣ አቶ ምንተስኖት? ጠጉሩን ያማስሉ። ሲጨርሱ ይንኩኝ።

ምንተስኖት፦ (በዱላ እያማሰለ) ሰማሁ፤ ሠራሁ። (አንድ ጭብጥ ጠጉር አውጥቶ አሳየውና መልሶ ከተተው) አሁን ደግሞ እነካለሁ። (ነካት። ጣቱ በጠጉሩ ቅባት ርሶ ስለሚያበራ መስተዋቷ አልተቀበለውም።)

መሣሪያዋ፦ ጊዜው አልፏል። እንደገና እንጀምር። እንደምን አደሩ፣ አቶ ምንተስኖት? ጠጉሩን ያማስሉ።

ምንተስኖት፦ ነካሁሽ እኮ!

ጫኔ፦ አኩርፋ እንዳይሆን። ይመልሱላት እንጂ።

ምንተስኖት፦ ዝም በል! (አጥብቆ አማሰለ፤ መስተዋቷን ደጋግሞ ጠቀጠቀ።)

ጫኔ፦ ጌታዬ፣ ጠጉሩ…

ምንተስኖት፦ ጠጉሩን ተወው አላልኩህም?

መሣሪያዋ፦ ጊዜው አልፏል። እንደምን አደሩ፣ አቶ ምንተስኖት?

ምንተስኖት፦ (ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እየጮኸ) እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና ነኝ! አንቺስ?

ጫኔ፦ «እርስዎስ» ይበሏት።

መሣሪያዋ፦ ይህ ሥራ ለእርስዎ ይከብዳል። አቶ ምንተስኖት፣ ብቁ አይደሉም። ውጤትዎ ለወይዘሮ ጌታነሽ ተልኳል። ደህና ይዋሉ።

ጫኔ፦ (ጎንበስ ብሎ) ደህና ይዋሉ፣ እመቤቴ።

(ጫኔ ዱላውን ተቀብሎ ጠጉሩን ከበርሜሉ አወጣው። ዘለላው ሁሉ ተጣብቆ አንድ ድፍን ጓል ሆኗል።)

ምንተስኖት፦ ምንድን ነው ይሄ?

ጫኔ፦ ጠጉር ነበር። እሳት ላይ ቆይቶ እንዲህ ሲታሽ ይጋገራል፤ ከእንግዲህ አይባዘትም።

ምንተስኖት፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ጫኔ፦ ስነግርዎት «ተወው» አሉኝ።

(ምንተስኖት ታብሌቷን አንሥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ወረደ።)

ምንተስኖት፦ አንተ… እርስዎ… መሣሪያዋ ምን ብትልዎ ነው የሚጠቅምዎት?

ጫኔ፦ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እኔ ሰዓት አላውቅም፤ እሳቱን ስቆሰቁስ ጠጉሩን እረሳዋለሁ። መውጫው ሲደርስ «አውጣው» ብትለኝ ይበቃኛል።

ምንተስኖት፦ ይህችኑ ብቻ?

ጫኔ፦ ይህችኑ።

ምንተስኖት፦ (ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ) ወይዘሮ ጌታነሽ አሁን ምን ይሉኝ ይሆን?

ጫኔ፦ (ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) አይዞህ፣ ልጄ። እትዬ ጌታነሽ ደግ ናቸው። ቶሎ የማይገባውን ሰው አያባርሩም፤ እኔ አጠገብ ያስቀምጡሃል።