ቤንዚን ወይስ ናፍጣ

«አጥንቶ የመረጠ አይጸጸትም» ይባላል። ሐሰት ነው። የቢቸናው አያ ደሴ ለደብራችን ሰፊ ግቢ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ማሽን እንዲመርጡ ከወከልናቸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ሞጣ ድረስ ሄደው ቢጠይቁ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ናፍጣ ይሻላል»፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ «ቤንዚን ይሻላል» አላቸው። ታዲያ ጥናቱን እንደ አዲስ አይጀምሩ? ማሽን ይመጣል ብለን እኛም የማጭዱን ደቦ ተውነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ጥሩ የልጃቸውን መቃብር ፍለጋ ወገብ የሚደርስ ሣር ውስጥ ገቡ።

«ትንሽ ይታገሡ፤ ወደ ናፍጣው እያደላሁ ነው» አሏቸው አያ ደሴ።

«ልጄ በናፍጣም በቤንዚንም አይነሣም! የት እንደተኛ ብቻ አሳዩኝ።»

ሁላችንም ሣሩን አየን። የሚያውቅ አልነበረም።

አንባቢዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማጭድህን ይዘህ ና።