እያረሰ የሚስቅ ገበሬ

መርካቶ ሥዕል እንደሚሸጥ ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ከሸማ ተራ ጀርባ፣ የነጠላና የጋቢ ሱቆች ሲያልቁ፣ በራቸው ላይ «ጋለሪ» ተብሎ የተጻፈባቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። ከኔ ጎተራ ያንሳሉ።

የወሰደኝ ልጄ ምናሉ ነው። ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ ከጎጃም ከወጣ ሁለት ዓመቱ። የመጣሁት ልመልሰው ነበር። መሬቱ አለ፣ በሬዎቹ አሉ፣ የሌለው የኔ ወገብ ነው። ብዙ አልተጨቃጨቅንም፤ እኔ ብዙ አላወራም። አንድ ሥዕል አሰቅያለሁ፣ እስካሁን አንድም ተሽጦልኝ አያውቅም፣ ይሄም ዛሬ ካልተሸጠ ነገ አብሬዎት እሳፈራለሁ አለኝ። ተስማማሁ።

የሱ ጋ እስክንደርስ የሌሎቹን አየሁ። የመጀመሪያው ቤት አንድ ገበሬ ያርሳል። የለበሰው ጋቢ ለጥምቀት የወጣ ያስመስለዋል። የሚያርሰው ደግሞ የደረሰ ጤፍ መሀል ገብቶ ነው! በኛ አገር እንዲህ የሚያደርገውን ዘመዶቹ ይዘው ጠበል ይወስዱታል። በዚያ ላይ ይስቃል። እስቲ እናንተ፣ እርፍ ጨብጦ የሚስቅ ሰው አይታችኋል?

ሁለተኛው ቤት አንዲት ሴት ላም ታልባለች። ጥጃ የለም። ጥጃው የት ሄደ ብዬ ባለሱቁን ጠየቅሁት። ቦታ ስለሚይዝብን ተውነው አለኝ። ጥጃዋን ሳታይ የምትታለብ ላም ካገኘህ ለኔም ግዛልኝ አልኩት። ሴትዮዋም ትስቃለች። ሦስተኛው ቤት አህያዋ ሳትቀር ፈገግ ብላለች። ገጠር እንዲህ የሚሳቅበት መሆኑን ማን ነገራቸው?

የምናሉ ሥዕል አራተኛው ቤት፣ ጥግ ላይ ተሰቅሏል። ቀንበሩ በደንብ ታስሯል። መሬቱም የሚታረስ መሬት ነው። ገበሬው ግን እኔ ነኝ። ግንባሬን ቋጥሬ፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

ባለሱቁ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው ዋጋ አልጠየቀም» አለኝ። «ትንሽ ጥርስ ጨምርበት ብዬ ስንቴ ለመንኩት!»

«አባዬ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ጥርሱን ከየት ላምጣው?» አለ ምናሉ።

እንዳትነካው አልኩት። ካልሳቀ አይሸጥም፣ ካልተሸጠ ልጄ ይመለሳል። ማንም እንዳይነካብኝ ሥዕሉ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ገቡ። የሚስቁትን ገበሬዎች እየመረጡ ሳሉ እኔን አዩኝ። ሥዕሉን አዩ። እንደገና እኔን አዩ።

«ውይ! እኒህ ሰውዬ ናቸው እንዴ?»

«የሠዓሊው አባት ናቸው» አለ ያ ለፍላፊ።

«ኧረ ግንባራቸውን ተመልከቱልኝ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም በንዴት ኮሶ የጠጣ ሰው መሰልኩ። ይኼኔ ሴትዮዋ ጭራሽ እንባቸው መጣ። «ጠቅልሉልኝ! ጥርስ የሚያሳየውማ የትም ሞልቷል። እንዲህ የሚያፈጥ ሰው ምግብ ቤቴ በር ላይ ልስቀል።»

ምናሉ ጉልበቴን ስሞ አመሰገነኝ። በማግስቱ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ዕድሜ ልኬን ሳቅ ምን ይጠቅማል ስል ኖርኩ። ያን ቀን ሴትዮዋ ፊት አንድ ጊዜ ጥርሴን ባሳይ ኖሮ፣ ዛሬ የሚያርስልኝ ልጄ ነበር።